ወሩን ወይስ ዓመቱን

መጋረጃው ዛሬም አልገጠመም። በሁለት የልብስ መቆንጠጫ ይዛዋለች፣ ግን ከታች በኩል አንድ ጣት የምታህል ብርሃን ሾልካ ገብታ ትራሷ ላይ ተቀምጣለች፣ እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ጨለማ ውስጥ ያለች ለመምሰል ትሞክራለች። ሌሊቱን ሙሉ ቆማ ሠርታ ጠዋት የምትተኛ ሰው እንቅልፏን ከቀን ላይ ነው የምትሰርቀው፣ ቀኑ ደግሞ ነቅቶ ይጠብቃል፤ ከታች መኪና ማቆሚያው ውስጥ አንድ ሰው ሞተር እያስነሳ ያጠፋል፣ ጎረቤት በር ይወረውራል፣ ቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ያጉረመርማል። ስልኩ ትራሷ ሥር ነው። ምን እንዳለበት ታውቃለች። አውቶቡስ ውስጥ አንብባዋለች፣ ደረጃ ስትወጣ አንብባዋለች፣ ጥርሷን ስትቦርሽም ደግማዋለች። የምግብ አመላላሹ ድርጅት የላከው መልእክት ነው። የሙከራ ወርዎ ዛሬ ያበቃል ይላል፣ አባል ሆነው ለመቀጠል ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ። ከሥሩ ሁለት ሳጥን አለ፣ አንዱ ወርሃዊ፣ አንዱ ዓመታዊ፤ ዓመታዊው አረንጓዴ ተቀብቶ ደምቋል፣ ወርሃዊው ዳር ላይ ግራጫ ሆኖ ቆሟል፣ ከሁለቱ በታች በደቃቅ ፊደል፣ ዓመቱን ሙሉ በስድስት ወር ዋጋ፣ ከስድስት ወር በላይ ከተጠቀሙ ዓመታዊው ያዋጣዎታል። ይኸው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ሻይ እየጠጣ የሚጨርሰው ጉዳይ ነው። እሷ ግን ከስድስት ወር በላይ የሚለውን ካነበበች ጀምሮ ዓይኗ አልከደን ብሏታል።

የራሷ ሆድ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ አንዱንም አትመርጥም ነበር። እዚህ አገር ዘጠኝ ዓመት ስትኖር ምግብ ማለት ቆሞ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ዳቦ ትገምጣለች፣ እንቁላል ትቀቅላለች፣ ክፍሏ ጥግ ባለችው ባለ አንድ ዓይን ምድጃ ላይ ሩዝ ትጥድና ከነድስቱ ትበላዋለች፣ የሚያያት የለም፣ የሚጠይቃትም የለም። እህቷ ብቻ በስልክ ምን በላሽ ትላታለች፣ እሷም የሌለ ምግብ ትደረድራለች፣ ዶሮ በላሁ፣ ሰላጣ፣ ፍራፍሬ፤ እህቷ መዋሸቷን ታውቃለች፣ እሷም እህቷ እንደምታውቅ ታውቃለች፣ ግን ጠያቂ አለኝ ማለቱ ራሱ ያጠግባል። አሁን የተያዘው ነገር ግን የእሷ ሆድ አይደለም። የአባባ ነው።

አባባ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የመንገድ ሥራ ካምፕ ወጥ ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ ዶዘሩ በሄደበት ሁሉ ከኋላው እየሄዱ፣ ድንኳን አስተክለው፣ በርሜል የሚያህል ድስት አስጥደው ሁለት መቶ ሰው ያበሉ ሰው ናቸው፣ ራሳቸው ግን ሁልጊዜ መጨረሻ፣ ሁልጊዜ ቆመው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እሷን ይዘዋት ይሄዳሉ። ከድስቱ አጠገብ ባለው የዱቄት ጆንያ ላይ ትቀመጣለች፣ እሳቸው ረጅሙን ማንኪያ ነክረው፣ እፍ እፍ ብለው ወደ አፏ ያስጠጋሉ፤ «እስቲ ቀማሿ፣ ጨው አለው?» ትንሽ ይቀረዋል ትላለች፣ የስምንት ዓመት ልጅ ናት፣ እሳቸውም ከዋናው መሐንዲስ ትእዛዝ እንደተቀበሉ ሁሉ ጨው ይጨምራሉ፣ ሁለት መቶ ሰው እሷ ባለችው ጨው ይበላል። እስከ ዛሬ ቀማሿ ነው የሚሏት። እዚህ በመታወቂያዋ ላይ ያለውን ስሟን የፈረቃ አለቃው እንኳ አስተካክሎ አይጠራውም።

እማማ ያረፉ ጊዜ አልሄደችም። የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀቷ ያኔም ዛሬም በመታየት ላይ ነው፤ ከአገር ከወጣሽ ፋይልሽ ይዘጋል ተብላለች፣ መስኮቱ ጀርባ የተቀመጠችው ሴትዮ ይህን ስትነግራት ከረሜላ እየመጠጠች ነበር፣ ከረሜላው ከአንዱ ጉንጯ ወደ ሌላው ሲሄድ ይታያል፣ እሷም ከቃሉ ይልቅ ከረሜላውን ታስታውሳለች። ቀብሩን በስልክ አየች። እህቷ ስልኩን ከሰው በላይ ከፍ አድርጋ ያዘችላት፣ መሐል ላይ መስመሩ ተቋረጠ፣ ሲመለስ ሰዉ ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶ እየሄደ ነበር። ሦስት ዓመት ሆነው። ዓይኗን ስትከድን የምታየው ያንን ጀርባ ነው፣ ኮትና ነጠላ፣ ኮትና ነጠላ፣ አንድም ፊት የለም።

አባባ ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ ከምግብ ጋር ተኳረፉ። መጀመሪያ ሥጋ ተዉ፣ ቀጥሎ ዳቦ፣ ጉሮሮዬ ጠበበ ይላሉ፣ በመጨረሻ ሾርባውንም ገፉት። ከሁለት ወር በፊት እህቷ ደወለች፣ ድምጿ ተሰነጣጥቋል። «እትዬ፣ አልበላም ብለዋል። አራት ቀን ሆነ። ባባብል፣ ብቆጣ፣ ባለቅስ፣ አፋቸውን አይከፍቱልኝም።» «ስልኩን ወደ እሳቸው አዙሪልኝ።» ቪዲዮው ሲከፈት እሷ ከሥራ ገብታ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ዳቦ በእንቁላል ይዛለች፤ የምታስቀምጥበት ጊዜ እንኳ አላገኘችም፣ አፏ ሙሉ ነው። አባባ ስልኩን አተኩረው አዩት። «ምንድን ነው የምትበዪው?» «እንቁላል ነው አባባ።» «ሽንኩርት ገብቶበታል?» «አልገባበትም።» «ያለ ሽንኩርት!» አሉና በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እሷም ደግማ ገመጠች፣ እሳቸውም ስትገምጥ እያዩ አፋቸውን ከፈቱ። ሳያውቁት ነው፤ ሰው ሕፃን ሲያጎርስ የራሱ አፍ እንደሚከፈተው። እህቷ ያቺን ቅጽበት አላሳለፈቻትም፣ አንድ ማንኪያ ሾርባ ዶለችባቸው። ዋጡ። ከስልኩ ጠርዝ የእህቷ እጅ ብቻ ይታያል፣ ቀጥዪ፣ ቀጥዪ ይላል ጣቷ። ቀጠለች። ዳቦው እስኪያልቅ አሥራ አንድ ማንኪያ ዋጡ፣ እህቷ ቆጥራለች።

ከዚያ ወዲህ ሥርዓት ሆነ። እዚህ እኩለ ቀን ሲሆን እዚያ የራት ሰዓት ነው፤ እሷ ስልኩን የስኳር ጣሳው ላይ አስደግፋ ምሳዋን ትበላለች፣ እሳቸው ራታቸውን ይበላሉ፣ ጉርሻ በማንኪያ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በዕረፍት ቀኗ አንድ ድስት ሠርታ እሱኑ እያሞቀች ታቀርብ ነበር። አባባ ግን ካምፕ ያበሉ ሰው ናቸው፣ አይሸወዱም። «ትናንት የበላሽው አይደል እንዴ?» «አይ አባባ፣ ሌላ ነው።» «ካሮቱን አውቀዋለሁ» ይላሉ፣ አፋቸውም ይገጠማል። በየቀኑ አዲስ መሥራት ጀመረች፣ በሦስተኛው ቀን ካሮት ለመቁረጥ ከአልጋዋ ተነሥታ ቢላዋውን እንደያዘች ቆማ እንቅልፍ ወሰዳት፣ ጣቷን ቆረጠች፤ ያን ቀን በራሷ ላይ ተቆጣች፣ ሥራ ላይም ጓንቱ ውስጥ እየደማች ሠራች። በማግስቱ ነው በሯ ሥር የተጣለውን ወረቀት ያነሳችው፣ የመጀመሪያው ወር ማድረሻ በነፃ የሚለውን፤ እሱኑ በስልኳ ሞላች፣ አዘዘች፣ እኩለ ቀን ላይ ባለሞተሩ ሳጥን ይዞ በሯን አንኳኳ። «ምን አለበት?» አሉ አባባ። እውነት ለመናገር ምን እንዳለበት አታውቅም ነበር፣ ስሙን ማንበብ ስላቃታት በፎቶው ነው ያዘዘችው። «ቆይ ልክፈተው» አለች። «ቆይ! አትክፈቺው። እስቲ ነቅንቂው።» ነቀነቀችው። «መረቅ አለው» አሉ፣ «ሩዝ ነው ከሥሩ። አሁን ክፈቺው።» ሩዝ ነበር። አባባ ያን ቀን አሥራ አምስት ማንኪያ ዋጡ፣ በየመሐሉም ወጥ ቤቱን ይተቹ ነበር፣ አብዝተው አብስለውታል፣ ቅጠሉን መጨረሻ ላይ ነበር ማስገባት፣ ይህ ሰው ለብዙ ሰው ሠርቶ አያውቅም።

እንግዲህ ያዋጣል ወይ ቢባል ምን ብሎ ይሰላል? ትገለበጣለች፣ ብርሃኗ አሁን ጆሮዋ ላይ ናት። ከአባባ ጋር ስትበላ እሷም ሰው ሆናለች፤ የሥራ ልብሷ ወገቡ ላይ መጥበቅ ጀምሯል፣ ያ አንድ ነገር ነው። ሌላው ደግሞ እህቷ። ትናንት ሥራ ከመግባቷ በፊት ደወለችላት። «እትዬ፣ አንድ ነገር ልበልሽ፣ አትቆጪኝም?» «በዪ።» «አጥንቱን ከገበያ የማመጣ እኔ፣ የማፈላ እኔ፣ የምፈጭ እኔ፣ የማጎርስ እኔ። በልተው ሲጨርሱ ግን ‹የዛሬው ሳጥን ግሩም ነበር› ይላሉ። የቱ ሳጥን? ሳጥኑን የበላሽው አንቺ! እሳቸው የበሉት የእኔን ሾርባ!» ሳቋ መጣ፣ አፈነችው፣ ከዚያ የእህቷን ትንፋሽ ሰማችና ሳቁ ከራሱ ጠፋ። «ምን ላድርግልሽ? ላቁም?» «ብታቆሚ እገድልሻለሁ። ልናገረው ብዬ ነው እንጂ።» እህቷ ሁለት ልጆች አሏት፣ የሹራብ መኪናዋን ወደ አባባ ክፍል አምጥታ እዚያው ትሠራለች፣ ሌሊት ሦስት ጊዜ ትነሣለች፤ እሷ ግን ሩቅ አገር ሆና ምሳዋን በልታ ትመሰገናለች። ይህን ስታስብ ታፍራለች። «ሐኪሙ ጋ ሄዳችሁ ነበር አይደል? ምን አለ?» አለቻት። «ደህና ነው። አያቸው። ለካቸው።» «ምን አለ ነው ያልኩሽ።» «የወደዱትን ይብሉ፣ አለ።»

የወደዱትን ይብሉ። ይህን ቃል የማያውቅ የለም። ሐኪም ጨው ቀንሱ፣ ቅባት ተዉ እያለ የሚቆጣው ገና ብዙ የሚጠብቅለትን ሰው ነው፤ የወደዱትን ይብሉ ሲል ግን እስክሪብቶውን ከድኗል ማለት ነው። ጊዜ አልተናገረም፣ እህቷም አልጠየቀችውም፣ እሷም እህቷን አልጠየቀቻትም። ጊዜ የጠቀሰው ይሄ አፕ ብቻ ነው። ስድስት ወር።

ጠጋኟም ጠቅሳለች፣ እሷን ካልቆጠርናት ነው። ጠጋኟ የሚሏት የተቀደደውን አንሶላ የምትጥፈውን ባልደረባቸውን ነው። የሚሠሩበት የልብስ ማጠቢያ ድርጅት የሦስት ሆስፒታል አንሶላ ያጥባል፤ እሷ ሥራዋ የረጠበውን አንሶላ ጫፍና ጫፉን ይዞ ለትልቁ ካውያ ማጉረስ ነው፣ በወዲያ በኩል ተኩሶ ይተፋዋል፣ የተቀደደ ከሆነ ወደ ጠጋኟ ይሄዳል። ጠጋኟ የሌላ አገር ሰው ናት፣ ዕድሜዋ ወደ ስድሳ ይጠጋል፣ የሚግባቡት በዚህ አገር ቋንቋ ነው፣ ሁለቱም በየበኩላቸው እየሰበሩት። ዛሬ ሊነጋጋ ሲል፣ ሰው ልብሱን እየለወጠ ሳለ፣ መልእክቱን አሳየቻት፤ ለምን እንዳሳየቻት አታውቅም፣ ዓመቱን ያዢ እንድትላት ይሆናል። ጠጋኟ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ አነበበችው። «ለአባትሽ ራት ነው ይሄ?» «አዎ።» «ስንት ዓመታቸው ነው?» «ሰማንያ ሁለት።» «እስከ ስንት ማንኪያ ይውጣሉ?» «አሥራ ሁለት። አሥራ አምስትም የዋጡበት ቀን አለ።» «በመጀመሪያ ነው ወይስ አሁን?» እሷ ጫማዋን ለመለወጥ ጎንበስ አለች። ትናንት ዘጠኝ ነበር። ጠጋኟ ስልኩን መለሰችላት። «ወርሃዊውን» አለች፣ ክር እንደምትመርጥ ሁሉ።

ሰላምታም ሳትሰጣት ወጣች። አውቶቡስ ውስጥ ከእሷ ጋር ስትጣላ ነው የመጣችው፣ ማን ጠየቀሽ፣ አንቺ ማን ሆነሽ ነው፣ የሰው አባት ዕድሜ አንሶላ ነው እንዴ፣ እዚህ ጋ ሳስቷል ተብሎ በጣት የሚነካ? ሦስት ፌርማታ ካለፈች በኋላ ነው የገባት፤ ጠጋኟ የተናገረችው የራሷን ሐሳብ ነበር፣ እሷ ውስጥ ውስጡን ከጠዋት እስከ ማታ የምታስበውን። የተናደደችው ከሌላ ሰው አፍ ስለሰማችው ነው።

ወሩን ብትይዝ ምን ማለት ነው? አባባ ስድስት ወር አይሞላቸውም ብላ በገዛ ጣቷ ፈረመች ማለት ነው። ማንም አያይም፣ ግን እሷ ታውቃለች፣ ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ስልኩን ከስኳር ጣሳው ላይ ስታስደግፍ ዓይናቸውን ማየት አለባት። ዓመቱን ብትይዝስ? ዓመቱን ይዛ እሳቸው በሁለተኛው ወር ቢያርፉ፣ አስር ወር ሙሉ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ስልኳ ይንጫረራል፣ ዛሬ ምን መብላት ይፈልጋሉ እያለ። ይህን አስባ ትራሷን ገለበጠችው። ብርድ ልብሱን ገፋችና ስልኩን አወጣች፣ እርዳታ የሚለውን ነካች፣ ሰላም እንዴት ልርዳዎ የሚል ማሽን መጣላት። በጥንቃቄ ጻፈች፣ ዓመታዊውን የሚጠቀምበት ሰው በመሐል ባይኖር ምን ይሆናል? አባልነት ለሌላ ሰው አይተላለፍም፣ አለ ማሽኑ። እንደዚያ ማለቴ አይደለም፣ ብላ ጻፈች። አብዛኞቹ ደንበኞቻችን ዓመታዊውን ይመርጣሉ፣ ሌላ ጥያቄ አለዎት? የለኝም። እስቲ ልየው ብላ አረንጓዴውን ነካች፤ ገጹ ተለወጠና አባልነትዎ እስከሚከተለው ቀን ድረስ ይቆያል አለና ቀን አሳያት፣ የዛሬውን ቀን፣ የሚመጣውን ዓመት። ቀኑን ደግማ አነበበችው። ሰው የማያውቀው ቤት በር ላይ እንደሚቆም ነው፤ ውስጥ ማን እንዳለ አይታወቅም፣ አባባ ይኑሩ፣ ሌላ ሰው ይኑር፣ ባዶ ይሁን። ያረጋግጡ ይላል ከሥሩ። ወደ ኋላ ተመለሰች። ሁለቱ ሳጥኖች እንደነበሩ ናቸው።

ሳትተኛ እኩለ ቀን ሆነ። ፊቷን ታጠበች፣ ፀጉሯን አሰረች፣ ምሳ አዘዘች፣ ቀይ ሸሚዟን ለበሰች፤ አባባ የሥራ ልብስ ለብሳ ስትበላ አይወዱም፣ ፈረቃ ያለቀበት ሰው ታጥቦ ነው ማዕድ የሚቀርበው ይላሉ። ስልኩን አስደገፈች። ሳጥኑ ግን አልመጣም። ካርታው ላይ የባለሞተሩ ምልክት አንድ መንገድ ላይ ቆሟል፣ አይንቀሳቀስም። ስልኩ ጠራ፣ አነሳችው። አባባ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፣ ሸሚዛቸው እስከ አንገት ተቆልፏል፣ ከአገጫቸው ሥር ፎጣ አለ። እህቷ ከአልጋው ወዲህ ስልኩን ይዛለች፣ አትታይም።

«ሳጥኑ የታል?» አሉ አባባ።

«መንገድ ላይ ነው አባባ። እስከዚያ ይጀምሩ።»

«እንጠብቃለን። አብሮ የሚበላ ሰው ቀድሞ አይጀምርም።» ድምፃቸው ቀጥኗል፣ ግን ትእዛዝ ነው። ቀጥለውም፣ «ለዚህ ሰውዬ የሚከፍለው ማን ነው?» አሉ።

«የትኛው ሰውዬ?»

«በየቀኑ በር የሚያንኳኳው። ይሰማኛል እኮ።»

ትዋሽ ነበር ሌላ ቀን ቢሆን። የጎረቤት ምግብ ቤት ነው ብላቸው ነው የኖረችው። ዛሬ ግን እንቅልፍ አላየችም፣ ውሸት ለመስፋት ጉልበት የላትም፣ ነገረቻቸው፤ እስከ ዛሬ ማድረሻው በነፃ ነበር፣ ከነገ ጀምሮ አባል መሆን አለብኝ፣ ወርሃዊ አለው፣ ዓመታዊ አለው፤ በፈገግታ ነው የምትነግራቸው፣ እንደ ቀላል ወሬ። ስድስት ወር የሚለውን አላነሳችም።

«ልዩነቱስ?» አሉ አባባ።

«ዓመቱ ይረክሳል።»

«በምን ያህል?»

አርባ ዓመት ስንቅ ያዘዙ ሰው ናቸው። ጎተራ የቆጠሩ፣ ከነጋዴ ጋር የተከራከሩ። «ዓመቱን በስድስት ወር ዋጋ ነው የሚሰጡት» አለች።

አባባ ጣሪያውን አዩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ እያሰሉ ነው፣ ድሮ ከድስቱ አጠገብ ቆመው ለስንት ሰው ስንት ኪሎ ሲሉ እንደነበረው። «እንግዲህ ነገሩ ስድስት ወሩ ላይ ነው» አሉ። በዚያች ቅጽበት ምስሉ ዘነበለ፣ የእህቷ እጅ ወርዷል፣ ስልኩ ላይ የሚታየው ጣሪያና የመጋረጃው ዘንግ ብቻ ሆነ። «ስልኩን ቀና አድርጊው» አሉ አባባ ለእህቷ፣ «ሰው እያወራሁ ነው።» ተመለሱ። ቀጥ ብለው አዩዋት።

«ወሩን ያዢ።»

«አባባ፣ እኔ እንኳ ዓመቱን...»

«ስሚኝ ቀማሿ። እኔ ካምፕ ውስጥ ለዓመት አዝዤ አላውቅም። ሰነፍ ወጥ ቤት ነው ለዓመት የሚያዘው። መንገዱ ካለቀ ካምፑ ይነሣል፤ የተረፈውን ዱቄት ማን ይሸከመዋል? ለወር ታዣለሽ። ወሩ ካለቀና ሰዉ እዚያው ካለ፣ ደግመሽ ታዣለሽ። ይኸው ነው ሥራው።»

«እሺ አባባ።»

«የሚያሳፍር ነገር የለውም።»

«እሺ።»

በሩ ተንኳኳ። ባለሞተሩ ላብ አጥምቆታል፣ ሰንሰለት ተበጥሶብኝ ነው ይላል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ሳጥኑን ተቀብላ ተመለሰች፣ ሳይጠይቋት ነቀነቀችው። አባባ ጆሯቸውን አዘነበሉ። «ደረቅ ነው» አሉ። «ዓሣ ይሆናል።» ዓሣ ነበር። አሥር ማንኪያ ዋጡ።

ከዚያ ስልኩ ሲዘጋ ግራጫውን ነካች። ማሽኑ አልለቀቃትም፣ ዓመታዊውን ያልመረጡት ለምንድን ነው ብሎ መልስ ደረደረላት፣ ዋጋው ስለበዛ፣ ብዙ ስለማልጠቀም፣ ሌላ ድርጅት ስላገኘሁ፣ ሌላ። ሌላ የሚለውን ስትነካ እባክዎ ይግለጹ የሚል ባዶ ቦታ ተከፈተ። ጣቷን አንስታ ቆየች። ምን ብላ ትግለጸው? ባዶውን ላከችው፣ ማሽኑም ስለ አስተያየቷ አመሰገናት። መጋረጃው እንዳልገጠመ ነው። ተጋደመችና ተኛች፣ ለሥራ የሚቀሰቅሳት ደወል ሁለቴ ጮሆ ነው የነቃችው። ማታ ሥራ ስትገባ ጠጋኟን ትከሻዋን ነካ አደረገቻት፣ ወሩን ያዝኩ አለቻት፤ ጠጋኟም ሳትዞር፣ «ደህና» አለች፣ ከዚያ ወንበሯን ስባ ቦታ ሰጠቻት።

ወሩ አለቀ፣ አባባም ነበሩ፣ አደሰች። ሁለተኛው አለቀ፣ አደሰች። በሦስተኛው ወር ደረታቸውን ያዛቸው፣ አምስት ቀን አንድ ማንኪያ አልዋጡም፤ እሷ ግን እኩለ ቀን ላይ ሳጥኑን እየነቀነቀች ትከፍት፣ ያለበትን እየነገረቻቸው ትበላ ነበር፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፣ እየበላች ታለቅሳለች፣ እያለቀሰች ትነግራቸዋለች፣ ባቄላ አለው አባባ፣ ባቄላው አልበሰለም። በስድስተኛው ቀን ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ከማታ ጀምሮ ነበር መንከር» አሉ፣ አፋቸውን ከፈቱ። እህቷ በአራተኛው ወር በሳጥኑ ያለውን እየጠየቀች፣ የተገኘውን ያህል እሱን የመሰለ ነገር ሾርባው ውስጥ መፍጨት ጀመረች፣ በአምስተኛውም ወር አባባ፣ «ዛሬስ የዚህች ይበልጣል» ብለው መሰከሩላት፤ እህቷ ይህን ለመንገር ብቻ ሥራ ቦታዋ ድረስ ደወለችላት። ስድስተኛው ወር ያለ ወሬ አለፈ፤ ሁለቱም እህቶች ቀኑን ያውቁት ነበር፣ አንዷም አላነሳችውም።

የሰባተኛው ወር ክፍያ በገባ ማግስት አውቶቡስ እየጠበቀች ሳለ ስልኳ ጮኸ። ድርጅቱ ነው። ውድ ደንበኛችን፣ በወርሃዊ ክፍያ ሰባት ወር ቆይተዋል፤ ዓመታዊውን መርጠው ቢሆን ኖሮ የአንድ ወር ክፍያ ይተርፍዎት ነበር፣ ከዚህ በኋላም አምስት ወር ያለ ክፍያ ይጠቀሙ ነበር። አውቶቡሱ መጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ ሾፌሩ አያት፤ ሂድ አለችው በእጇ። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ደግማ አነበበችው። እኩለ ቀን ላይ ከሳጥኑ በፊት መልእክቱን ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችላቸው።

አባባ አንገታቸው ሰልሏል፣ አሁን ከትራሱ ቀና የሚሉት በእህቷ ክንድ ነው። «ምን ማለቱ ነው?» አሉ።

«ከስረናል ማለቱ ነው አባባ። ያኔ ዓመቱን ብንይዝ ኖሮ እናተርፍ ነበር።»

አሰሉ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ መጀመሪያ ሳል መስሏት ደነገጠች፣ ሳቅ ነው፤ ድምፅ የሌለው፣ ጥርስ የሌለው፣ ዓይናቸው እስኪያነባ ድረስ የሚንጣቸው ሳቅ። «አከሰርኩሽ!» አሉ ትንፋሻቸውን ሲያገኙ። «እኔ ነኝ አይደል ያከሰርኩሽ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«በሚመጣውም ወር ላክስርሽ?»

«ያክስሩኝ አባባ፣ ያክስሩኝ» ትላለች፣ እሷም ትስቃለች፣ ስልኩ ከስኳር ጣሳው ላይ ሊንሸራተት ሲል ትይዘዋለች፣ ከወዲያ በኩል ደግሞ የማትታየው እህቷ ድምፅ ይመጣል፦ «እኔ እኮ ማንኪያ ይዤ ቆሜያለሁ። መጀመሪያ ሾርባዬን ይዋጡልኝ፣ ከዚያ እንደፈለጋችሁ ክሰሩ።»